ሕግና ኑሮ፦ «ለፍርድ መቆም ይችላል ወይ?»

አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ልጄ በድብድብ ተከሶ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛዋ ነገሩን ሳይጨርሱ ወደ አእምሮ ሐኪም ላኩት። እብድ ብለው ሊጽፉበት ነው ወይስ ሊለቁት?»

እማማ፣ ገና ሁለቱም አይደለም። በእስራኤል ሕግ፣ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የፍርድ ቤቱን ነገር መከታተል የማይችል ሰው አይፈረድበትም። ዳኛ በዚህ ሲጠራጠር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 በወጣው የአእምሮ ሕሙማን ሕክምና ሕግ መሠረት ምርመራ ያዛል። ስለ ተከሳሹ ሁኔታ ለፍርድ ቤቱ አስተያየት የሚቀርበው በአውራጃው የአእምሮ ሐኪም፣ በዕብራይስጡ «ፕሲኪያተር መሖዚ» በሚባለው፣ በኩል ነው።

ሐኪሙ የሚፈልገው ይህን ነው፦ ምን አድርገሃል ተብለህ ተከሰስህ? ዳኛው ሥራው ምንድን ነው? ከሳሹስ? ጠበቃህ የቆመው ለማን ነው? የሚጠየቀው ዛሬ ስላለበት ሁኔታ ነው። ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን አእምሮው እንዴት ነበር የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሰው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። ያን ቀን ታሞ ዛሬ የተሻለው ሰው ለፍርድ ይቀርባል፤ ሕመሙንም እዚያው መከላከያ አድርጎ ያነሣል። ያን ቀን ጤነኛ ሆኖ ዛሬ የታመመው ግን ክሱ ይቆምለታል። የቆመ ክስ የተሰረዘ ክስ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ሆስፒታል ገብቶ ወይም ከቤቱ እየተመላለሰ እንዲታከም ሊያዝ ይችላል፤ ሆስፒታል ከገባም ጉዳዩን የሐኪሞችና የሕግ ሰው ያለበት ኮሚቴ በየጊዜው ያየዋል። ሲሻለው ክሱ ሊቀጥል ይችላል።

በእኛ ዘንድ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ለተጠየቀው ሁሉ «እሺ» ይላል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ጨዋነቱን ሕመም ብሎ ሊጽፈው ይችላል። «ዛር አለብኝ» ያለውም በአስተርጓሚ አፍ ምን ሆኖ እንደሚደርስ እንጃ። ደግሞም ተቃራኒው አለ፦ በእውነት የታመመው ልጅ «ገባህ?» ሲባል «እሺ» ስላለ ብቻ እንደገባው ተቆጥሮ ይፈረድበታል። ይኸኛው ይብሳል ባይ ነኝ። ባገር ቤት ሽማግሌው ልጁን ከነአያቱ ያውቀዋል፤ እዚህ ሐኪሙ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው።

ስለዚህ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ዕብራይስጥ ለማያውቅ ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ እንዲሾም ሕጉ ያዛል፤ በምርመራውም ላይ እንዲኖር በጠበቃው በኩል ያስጠይቁ። ታናሽ እህቱን ግን አስተርጓሚ አያድርጓት። ስለ ወንድሟ የሰማችውን ድምፅና የሌሊት ጩኸት በአፏ መናገር ያሳፍራታል፤ ግማሹን ትተወዋለች። ጠበቃ ከሌለውም አይደንግጡ፤ የአእምሮ ሕመም ለተጠረጠረበት ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይሾምለታል።

አሁን የሚከብደውን ልንገርዎ። ብዙ ቤተሰብ «እህቶቹን የሚያገባ እናጣለን» ብሎ የልጁን ሕመም ይደብቃል። ፍርሃቱን እናውቀዋለን። ነገር ግን በጎንደርም ሆነ እዚህ ታሞ ከነበረ፣ ጠበል የወሰዳችሁትም ቢሆን፣ መድኃኒት ወስዶ ያቋረጠም ቢሆን፣ መቼ እንደ ጀመረው ጭምር ለጠበቃው ይንገሩት። ከኩፓት ሖሊም የተሰጠ ወረቀት ካለ ይዘው ይሂዱ። ይህም ከምርመራው ቀጠሮ በፊት ይሁን፤ ሐኪሙ አስተያየቱን ከጻፈ በኋላ ማስለወጡ ያደክማል።