ማህተም ያላት ማዘዣ



ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ነበር። ሁለተኛው ሲቀዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ እስቲ አንቺ ምከሪልኝ» አለችኝ። የልጅ ልጇ ነገር ነው። ልጅቷ በባዮሎጂ ተመርቃ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ሙከራው አልሳካ እያላት እንደገና ስትጀምር ሁለት ዓመት ሞላት። እኩዮቿ ባንክ ገብተው ደመወዝ ይበላሉ። «ይህን ነገር ትተሽ ሥራ ያዢ በያት፤ አንቺን ትሰማሻለች።»

እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ይህንኑ ምክር የዛሬ ሃያ ዓመት ለገዛ ልጄ መክሬያለሁ። ሰማችኝ፤ ዛሬ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ተመስገን ደህና ትኖራለች። ሆኖም ቴሌቪዥን ላይ የሳይንስ ወሬ ሲመጣ ሁሌም ድምፁን ከፍ የምታደርገው እሷ ናት። ይህን ሳስብ ምክሩ ከአፌ አልወጣ አለኝ። በምትኩ ለጎረቤቴ የካታሊን ካሪኮን ታሪክ አጫወትኋት። ለእናንተም ላጫውታችሁ። በዕድሜ ብትበልጠኝም እንደ እህት ቆጥሬያት አንቱታውን ትቼዋለሁ። ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካታሊን በ1955 ሃንጋሪ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ሥጋ ቆራጭ ነበሩ። ያደገችበት ቤት የቧንቧ ውኃም ማቀዝቀዣም አልነበረውም። ትምህርቷን ገፍታ በሴጌድ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያዘች። በ1985 የምትሠራበት ቤተ ምርምር ገንዘብ ሲያጣ ከባሏና ከሁለት ዓመት ልጇ ጋር ወደ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ሄደች። ያኔ ከአገር ብዙ ገንዘብ ይዞ መውጣት ክልክል ነበር። ስለዚህ መኪናቸውን ሸጠው ያገኙትን 900 ፓውንድ በልጅቷ የድብ አሻንጉሊት ውስጥ ሰፍተው ወጡ።

ዕድሜዋን ሙሉ የተከታተለችው አንድ ነገር ነው፤ ኤምአርኤንኤ ይባላል። እስቲ በእኛ በነርሶች ቋንቋ ላስረዳችሁ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ፋይላችሁ የሚቀመጠው ካርድ ክፍል ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝላችሁ ፋይሉን ወደ መድኃኒት ክፍል አይልክም። የሚያስፈልገውን ብቻ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይሰጣችኋል። መድኃኒቱ በማዘዣዋ መሠረት ይሰጣል፣ ወረቀቷም ሥራዋን ጨርሳ ትቀራለች። በሰውነታችንም እንዲሁ ነው። ፋይሉ ዲኤንኤ ነው፤ በሴሉ አስኳል ውስጥ ተቀምጧል። ኤምአርኤንኤ ደግሞ ቁራጭ ማዘዣዋ ናት። ከአስኳሉ ትወጣለች፣ በእሷ ትእዛዝ ፕሮቲን ይሠራል፣ ከዚያ ብዙ ሳትቆይ ትፈራርሳለች።

የካታሊን ሐሳብ ቀላል ይመስላል። ማዘዣዋን ራሳችን ጽፈን ወደ ሴል ብናስገባት ሰውነት መድኃኒቱን ራሱ አይሠራም ወይ? በሥራ ላይ ግን ሁለት ችግር ገጠመ። ማዘዣዋ በቀላሉ ትበጣጠሳለች። ከዚያ የባሰው ደግሞ የሰውነት ዘበኛ፣ ማለትም የበሽታ መከላከያችን፣ ከውጭ የገባችውን ማዘዣ እንደ ቫይረስ ቆጥሮ ይነሣባታል፤ ብግነትም ይመጣል።

በ1989 ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ለምርምሯ ገንዘብ እንዲሰጧት በየጊዜው ትጽፋለች፤ መልሱ አይሆንም ነው። በ1995 ለፕሮፌሰርነት ከሚያበቃው መንገድ አውርደው ዝቅ ያለ ቦታ ሰጧት። በዚያው ሰሞን ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ተብላ በሥጋት ላይ ነበረች፤ ባሏም በቪዛ ጉዳይ ሃንጋሪ ቀርቶ ነበር። ዝቅ ያለውን ቦታ ተቀብላ ወደ ላብራቶሪዋ ተመለሰች።

በ1997 ገደማ ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ድሩ ዋይስማን ከሚባል ሐኪም ጋር ተገናኘች። እሱ የኤችአይቪ ክትባት ይፈልግ ነበር። አብረው ሲሠሩ ያው ብግነት አላስቀምጥ አላቸው። ያን ጊዜ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ። የገዛ ሰውነታችን በአርኤንኤ የተሞላ ነው፤ ታዲያ በራሳችን አርኤንኤ ለምን አንቆጣም?

አንዱን የአርኤንኤ ዓይነት ከሌላው እያነጻጸሩ ፈተሹ። አንዳንዱ ብግነት አያስነሣም ነበር። ይህ ዓይነቱ ከፊደሎቹ ብዙዎቹ በኬሚካል ትንሽ ለወጥ ያሉ ሆነው ተገኙ። እኔ እንዲህ ብዬ ነው የምረዳው፤ የቤቱ ማዘዣ ማህተም አለው፣ ዘበኛውም ማህተሙን አይቶ ያሳልፈዋል። ካታሊንና ድሩ በሠሩት አርኤንኤ ውስጥ ዩሪዲን የሚባለውን ፊደል በሱዶዩሪዲን ተኩት። ብግነቱ ጋብ አለ። በ2005 ውጤቱን አሳተሙ። ቆየት ብለውም ማህተም ያላት ማዘዣ የበለጠ ፕሮቲን እንደምታሠራ አዩ።

ከአሁን በኋላ ስልኩ አያርፍም ብለው ጠበቁ። የደወለ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2013 ካታሊን ጀርመን አገር ወደሚገኘው ባዮንቴክ ሄደች፤ ባሏ አሜሪካ ቀረ።

ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም ኖረንበታል። በ2020 ኮሮና መጣ። የቫይረሱ የዘር ቅደም ተከተል በታወቀ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የፋይዘርና ባዮንቴክ ክትባት ተሠርቶ፣ ተፈትሾ ለሰው ደረሰ። በትልቁ ሙከራ ሕመሙን 95 በመቶ ተከላከለ። የሞደርናም ክትባት የዚያኑ ዓይነት የፊደል ለውጥ ይጠቀማል።

በየቡናው ላይ «ዘራችንን ይቀይራል» ሲባል ሰምታችኋል። ቁራጭ ማዘዣ ካርድ ክፍል ገብታ ፋይል አትሰርዝም። ክትባቱም አስኳሉ ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤያችንን አይነካም። እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ክንድ ያማል፣ ትኩሳት ያመጣል። አልፎ አልፎም፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ የልብ ጡንቻ ብግነት ታይቷል፤ አብዛኞቹ አገግመዋል። ቫይረሱ መልኩን ሲቀያይር ክትባቱ መያዝን የመከላከል ኃይሉ ቀንሷል፤ ከጽኑ ሕመምና ከሞት ግን ብዙ ሰው አድኗል። ጡረታ የወጣ ነርስ ይህን ሁለቱንም ወገን መናገር አለበት።

በ2023፣ በእኛ መስከረም 21 ቀን 2016፣ ካታሊንና ድሩ የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ። ለጎረቤቴ የነገርኋት ዋናው ነገር ግን ከሽልማቱ በፊት የነበረው ነው። የካታሊን እናት በየዓመቱ የኖቤል አሸናፊዎች ሲታወጁ ያዳምጡ ነበር፤ ምናልባት የልጄ ስም ይጠራ እንደሆነ ብለው። ካታሊን፣ ፕሮፌሰር እንኳ እንዳልሆነች ነግራ አታዳምጪ ትላቸዋለች። እሳቸው ግን ብዙ እየሠራሽ አይደል ወይ ይሏታል። በ2018 አረፉ። ስሟ ሲጠራ አልሰሙም።

ጎረቤቴ ሲኒዋን እንደያዘች ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲያው ትቀጥል ነው የምትዪኝ?» አለች።

እንዲያም አላልሁም። ስንቱ ሰው እንደ ካታሊን ደክሞ ምንም ሳያገኝ ያረጀ አለ፤ የእነሱን ታሪክ ጋዜጣ አይጽፈውም። የትራንስፖርትና የምግብ ገንዘብም በጽናት አይከፈልም። ልጅቷ ከአማካሪዋ ጋር ቁጭ ብላ የቀረውን ሥራና ጊዜ ትቁጠር፤ ቤተሰቡም አቅሙን በግልጽ ይንገራት። ትተወው እንደሆነ ራሷ አስባበት ትተወው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ሙከራው ምን እንደሆነ እንጠይቃት አልኋት።

ጠራናት። መጀመሪያ «አይገባችሁም» አለች። ቀጥላ የስኳር ዕቃውን ስባ፣ ሲኒዎቹን ደርድራ ማስረዳት ጀመረች። እውነቱን ለመናገር ግማሹ አልገባኝም። አያቷ ግን «ታዲያ ይህቺኛዋ ለምን እንቢ አለች?» ብላ አንዷን ሲኒ ስትነካ ልጅቷ ሳቀች። «እሱን እኮ ነው ሁለት ዓመት የምፈልገው፣ እማዬ።»

ቅዳሜ ልጄ ለምሳ ትመጣለች። ያኔ ላብራቶሪ ውስጥ ምን ትፈልግ እንደነበር አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ዘንድሮ ልጠይቃት ነው።

ሳምንት ሰው ይበለን።