የገበሬው ቤት ለምን ሙዚየም ይገባል?

እኛ ተማሪዎች ስለ ባህል ስንከራከር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ግንብና ሐውልት ነው። አክሱምን፣ ላሊበላን፣ የጎንደርን አብያተ መንግሥት እንጠራለን፤ ያሠሯቸውንም ነገሥታት ስም በቃላችን እናውቃለን። ነገር ግን የአገራችን ሕዝብ የተወለደው፣ ያገባውና የሞተው በግንብ ውስጥ አይደለም። የኖረው በጎጆ ነው። የጎጆን ታሪክ ማን ጻፈው? የሚሠራውን ሰው ስምስ ማን ያውቀዋል? በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፤ የገበሬው ቤት ከነአሠራሩ መጠበቅ አለበት፤ ሥራውንም መጀመር የሚገባን እኛ ተማሪዎች ነን።

ቤትን ከመንደሩ ነቅሎ አምጥቶ በሜዳ ላይ መልሶ መትከል አዲስ ነገር አይደለም። አርቱር ሃሴሊዩስ የተባለ ስዊድናዊ ስካንሰን የሚባለውን ሙዚየም በስቶክሆልም የከፈተው በ1891 ነው። (የውጭ አገሩን ታሪክ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ የገጠሩን ኑሮ ሲለውጡት ስላየ፣ ሳይጠፋ ልድረስበት ብሎ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ተከትለውታል።

ባለፈው ክረምት ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ይህን የመሰለ ሙዚየም በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ለመጎብኘት ዕድል አግኝቼ ነበር። የመንደር ሙዚየም ይባላል፤ የሚገኘውም በሐይቅ ዳር ነው። በሩን አልፎ የገባ ሰው የሚያየው በመስተዋት ሣጥን የተቆለፈ ዕቃ ሳይሆን መንገድ፣ አጥር፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የነፋስ ወፍጮና ቤት ነው። ከሰሜኑ ተራራማ አገር ከማራሙሬሽ የመጣ፣ በ1722 የታነፀ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አለ። ከደቡቡ ሜዳ የመጣ ደግሞ ቦርዴይ የሚሉት ቤት አለ፤ ግማሹ በመሬት ውስጥ የተቆፈረ፣ ክዳኑ ከምድር ብዙም ከፍ የማይል፣ ሰው ወደ ታች ወርዶ የሚገባበት ነው። ቦርዴይ የባላባት ቤት አይደለም። ሆኖም እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ የመጣበት መንደር ስም ተጽፎለት በክብር ቆሟል።

ይህን ሙዚየም የመሠረተው ዲሚትሪ ጉስቲ የተባለ የቡካሬስት ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ነው፤ ብቻውን ግን አልነበረም። ከ1925 ጀምሮ ተማሪዎቹን እያስከተለ ወደ ገጠር ይወርድ ነበር። አንዱ ስለ መሬትና ስለ ገቢ ሲጠይቅ፣ ሌላው ዘፈንና ተረት ይጽፋል፤ ሌላው ደግሞ ቤትና ዕቃ ይመዘግባል። ዐሥር ዓመት ያህል እንዲህ ካጠኑ በኋላ ቤቶቹ ተመረጡ፤ ተነቅለውም በባቡርና በጋሪ ወደ ከተማው ተጓዙ። የየመንደሩ ባለሙያዎችም አብረው መጥተው በሁለት ወር ገደማ መልሰው ተከሏቸው። ሙዚየሙ በሜይ ወር 1936 ተከፈተ።

አንባቢ ይህን ወር ልብ ይበል። በዚያው ወር፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። የእነርሱ ተማሪዎች የገበሬያቸውን ቤት ሲተክሉ የእኛ ገበሬ ጎጆ ይቃጠል ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ በምንማርበት በስድስት ኪሎ ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የአዲስ አበባ ድሀ ከነቤቱ ተቃጠለ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፏል፤ ለመዘግየታችን እስከ ዛሬ ጦርነቱን ምክንያት ማድረግ አይቻለንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሐሳብ ሲሰሙ፣ «ድህነታችንን ለቱሪስት ልታሳይ ነው?» ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ገበሬው ቤቱን ቆርቆሮ በማልበሱ የሚነቅፈው ሰው በሚያፈስ ሣር ክዳን ሥር ክረምትን ያላሳለፈ ሰው ነው። የምድጃው ጭስ ክዳኑን ከነቀዝ ይጠብቀዋል፤ የእናታችንን ዐይን ግን ያጠፋል። ክዳኑ ይጠበቅ ብሎ እናቱን በጭስ ውስጥ የሚያስቀምጥ ባህል ወዳድ ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። ሙዚየም የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ገበሬው ወደሚሻለው ቤት ይሂድ፤ የሚተወው ቤትና በውስጡ ያለው ዕውቀት ግን አብሮ አይጥፋ።

ዕውቀት ያልኩት በከንቱ አይደለም። የዶርዜ ሰው ከቀርከሃ የሚፈትለውን ቤት እንውሰድ። አዲስ ሲሆን ረዥም ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱም እያጠረ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ከነቁመናው አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ኮንሶ ድንጋዩን ያለ ጭቃ ክቦ ከተማውን ያጥራል፤ እርከኑን ያቆማል። የትግራይ ህድሞ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳውና በአፈር ጣሪያው የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ይመክታል። በሐረር ቤት የመደቡ ከፍታና ዝቅታ ማን የት እንደሚቀመጥ ይናገራል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ አልተማረም፤ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ የተላለፈ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ሰንሰለቱ ይቆረጣል። ያ ልጅ ደግሞ እኔና አንተ፣ እኔና አንቺ ነን።

የሩማንያ ታሪክ አንድ ማስጠንቀቂያም ይሰጠናል። ያ ሙዚየም በሐይቁ ዳር እያማረበት ቆሞ ሳለ ቻውቼስኩ በ1988 ከአገሩ 13,000 ያህል መንደሮች ግማሾቹ እንዲጠፉ ዕቅዱን አወጀ። ጥቂቶቹ ፈረሱ፤ የቀሩትን ያተረፋቸው በ1989 መጨረሻ የሥርዓቱ መውደቅ ነው። እኛም በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በመንደር ምሥረታ ዘመን ገበሬው የገዛ ቤቱን አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ታዘዘበት ቦታ ሲሄድ አይተናል፤ ያላየነውም ከወላጆቻችን ሰምተናል። ስለዚህ ሙዚየም ለመንግሥት ማመካኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ሠላሳ ቤት በአጥር ውስጥ ጠብቆ ሺውን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማፍረስ ጥበቃ አይባልም።

በግቢያችን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለን። የሰውን ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል የሚያሳይ መልካም ሙዚየም ነው፤ አራት ዓመት በደጁ ተመላልሶ አንድ ቀን ያልገባበት ተማሪ ግን ብዙ ነው። ሆኖም በአዳራሽ ውስጥ ያለ ሙዚየም ስንት ቤት ሊይዝ ይችላል? ቤት ሰማይና መሬት ይፈልጋል፤ አጥርና ደጅ ይፈልጋል፤ እሳት የሚያነድበትም ሰው ይፈልጋል።

የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነውና፣ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ እያንዳንዳችን አንድ ቤት እንለካ፤ ምሰሶውን፣ ማገሩን፣ ወራጁን፣ ጉልላቱን በአካባቢው ቋንቋ በየስሙ እንጻፍ፤ እንጨቱ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚቆረጥ፣ በደቦ ስንት ሰው እንደሚወጣ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ የሠራውን ሽማግሌ ስም ከነመንደሩ፣ በፈቃዱ፣ እንመዝግብ፤ የንጉሥን ስም የያዘ ደብተር የአናጢን ስም ለመያዝ ቦታ አያጣም። ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ይህን ሁሉ ሰብስቦ ለሚቀጥለው ዓመት ለዩኒቨርሲቲው ያቅርብ፤ መሬትም ይጠይቅ። መሬቱ ከተገኘ ቤቱን የሚተክሉት እነዚያው ሽማግሌዎች ይሁኑ፤ ለሙያቸውም እንደ ማንኛውም መምህር ይከፈላቸው።

መሬቱ ባይገኝስ? ደብተሩ ይቀራል። የጉስቲም ተማሪዎች የጀመሩት ዐሥር ዓመት ያህል ቀድመው በደብተር ነው። የዕውቀቱ ባለቤቶች ግን አርጅተዋል፤ ክረምትም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለመለካት ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ የሚሄድበትን ወረዳ ጽፎ ከፈተና በፊት ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይስጥ።