ባልቻን ስናስረጃቸው

ባለፈው የካቲት ማኅበራችን ያቀረበው የአድዋ ድራማ ስለተወደደ ዘንድሮ ክፍል ሁለት ይጻፍ ተብሏል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ያው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ ናቸው። ባለፈው ወጣት መድፈኛ ነበሩ፤ አሁን ሽማግሌ ሆነው ይመጣሉ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማምተናል። ያላስማማን አንድ ዓመት ነው፤ 1920 ዓ.ም.። አብዛኛው የኮሚቴ አባል "ከ1888 በቀጥታ ወደ 1929 እንዝለል" ይላል። እኔ ደግሞ 1920 ከሚወጣ ክፍል ሁለት ባይጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ። በስብሰባው ላይ የተሰጠኝ አምስት ደቂቃ ስላልበቃኝ ቀሪውን እዚህ ልበለው።

ታሪኩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ላስታውስ። ባልቻ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ምኒልክ ቤት ያደጉ ናቸው። አድዋ ላይ በመድፍ ስማቸው ገነነ። ከዚያ ሐረርንና ሲዳሞን ገዙ። ምኒልክ ሲሞቱ ግን እሳቸው የሚያውቁት ዓለም አብሮ ሄደ። አዲሱ ሰው አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ነበሩ፤ ባልቻ ደግሞ ታማኝነታቸው ለምኒልክ ቤትና ለንግሥት ዘውዲቱ ነበርና ተፈሪን አላመኗቸውም። በ1920 ወደ አዲስ አበባ ሲጠሩ ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው መጥተው ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ራስ ተፈሪ ግብር ጠሯቸው። እሳቸው ግብር ላይ ሳሉ ራስ ካሣ ወደ ሰፈሩ ሄደው ጦሩን በገንዘብ በተኑት፤ ሲዳሞም ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ። ሽማግሌው በልተው ጠጥተው ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነው። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። እጃቸውን ሰጡ፣ ታሰሩ፣ በኋላም ገዳም ገቡ።

ኮሚቴው ሊዘልለው የፈለገው ይህንን ነው። ምክንያታቸውን አልንቀውም። አንዷ አባል ያለችው እስካሁን በጆሮዬ አለ፦ "እዚህ አገር ያደጉ ታናናሾቻችን ስለ ኢትዮጵያ ጀግና የሚሰሙት በዓመት አንድ ቀን ነው። በዚያች አንድ ቀን ላይ ደግሞ ጀግናው ሲታለል፣ ወታደሩ በብር ሲሸጠው እናሳያቸው?" ሌላው ደግሞ ሳቅ እያለ፣ "ታዳሚው እንጀራ እስኪቀርብ ነው የሚጠብቀው፣ አታስለቅሰው" አለ። ይኼኛውም ሐሳብ ነው።

ነገር ግን ተከታይ ክፍል ሲጻፍ ጊዜ ማለፉን መካድ ምን እንደሚያመጣ በፊልም አይተነዋል። ጄምስ ማንጎልድ ሁለት ያረጁ ጀግኖችን የመራ ዳይሬክተር ነው። በ2023 (በፈረንጆቹ) በወጣው ኢንዲያና ጆንስ ላይ 80 ዓመት የሞላው ሃሪሰን ፎርድ በመክፈቻው ትዕይንት በኮምፒውተር ፊቱ ታድሶ ጎረምሳ ሆኖ ይሮጣል። ፊቱ የልጅ ነው፤ ድምፁ ግን የሽማግሌ ነው። እኔ ያንን ትዕይንት ያየሁት እያፈርኩ ነው። ይኸው ዳይሬክተር ከዚያ በፊት፣ በ2017፣ ሎጋንን ሠርቶ ነበር። እዚያ ላይ ያ የማይሞት የሚመስለው ጀግና ቁስሉ አልድን ብሎት፣ መነጽር ሳያደርግ ማንበብ አቅቶት፣ ሊሞዚን እየነዳ ይኖራል። በሚያገኛት ገንዘብ አእምሮው እየከዳው ላለ አሮጌ መምህሩ መድኃኒት ይገዛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ሆነን ስናየው ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞሮ "ይሄ እኮ አባቴ ነው" አለኝ። አባቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ወደ ደለስ ኤርፖርት ሰው የሚያደርስ ሹፌር ነው። ኢንዲያና ጆንስን አይቶ "አባቴ ነው" ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ከ1888 ወደ 1929 መዝለል ለእኔ የኮምፒውተሩ ፊት ነው። ጸጉራቸው ላይ ዱቄት ነስንሰን፣ ያንኑ የአድዋውን ወጣት እንደገና ጠመንጃ ማስያዝ ነው።

አበው ይህን ከእኛ የተሻለ ያውቁ ነበር። ጎልያድን የጣለውን ዳዊትን መጽሐፈ ነገሥት ሲቀበለው እንዴት አድርጎ ነው? በልብስ ቢሸፍኑት የማይሞቀው ሽማግሌ አድርጎ። ልጁ አዶንያስ ሳያስፈቅደው ልንገሥ ይላል፤ ቤርሳቤህና ናታን ተራ በተራ እየገቡ ያስታውሱታል። ብርዱንም ድካሙንም አልደበቀም። ቢሆንም ሰሎሞን ይንገሥ የሚለውን ቃል የሚናገረው ያው በብርድ የሚንቀጠቀጠው ሰው ነው። ከእሱ በቀር ሊናገረው የሚችል የለም።

ሰው የሚያከብረውን ጀግና አስረጅቶ ማምጣት የሚቻለው እንዲህ ነው የምለው። ይሳሳት፤ ወጣቱም ትክክል ይሁን፤ ነገር ግን በእርጅናው ብቻ የሚቻል አንድ ነገር ይተውለት። በስታር ዋርስ ሉክ ስካይዎከር ተስፋ ቆርጦ ደሴት ላይ ተደብቆ በመገኘቱ ስንቱ አኮረፈ። እኔ አላኮረፍኩም። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ሳይገድል ብቻውን ጦር ፊት ቆሞ ለሌሎቹ ማምለጫ ጊዜ የሚገዛው ያው የሸሸው ሰው ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ባልቻ ልመለስ። 1920ን አውጡና 1929ን ተመልከቱ። ጣልያን አዲስ አበባን ይዟል፤ አንድ አዛውንት የጦር ሰው እጄን አልሰጥም ብለው ተዋግተው ይሞታሉ። አሟሟታቸው በየዓይነቱ ይተረካል፣ ሁሉም ያምራል። ግን የአድዋው ድጋሚ ነው፤ ባለፈው ዓመት ያየነው ነው። 1920ን መልሱት፦ እኚህ ሰው ያዋረዳቸው፣ ሹመታቸውን የነጠቃቸው፣ ያሰራቸው ሰው ንጉሠ ነገሥት ሆኗል። ያ ንጉሥ በሚያዝያ 1928 አገር ለቆ ተሰዷል። ተሸናፊው ሽማግሌ ግን ከገዳም ወጥተው ቀሩ። ለማን ብለው? ለተፈሪ አይደለም። ምኒልክም የሉም፣ ዘውዲቱም የሉም። ይህ ጥያቄ የሚነሳው ያንን ባዶ ሰፈር ያየ ተመልካች ዘንድ ብቻ ነው።

ስለ ራስ ተፈሪም አንድ ቃል። እባካችሁ ጺማቸውን እየነካኩ የሚስቁ ተንኮለኛ አናድርጋቸው። ደም ሳይፈስ አንድ ጦር መበተን ቀላል ሥራ አይደለም፤ የየጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የራሱን ሠራዊት ይዞ የሚዞርበት አገር እንደማያዛልቅም ገብቷቸው ነበር። በግብሩ ትዕይንት ላይ ተመልካቹ ከሁለቱ ማንን እንደሚደግፍ ግራ ቢገባው ደስ ይለኛል።

ረቂቁን አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ ስትሪት አካባቢ ለሚኖሩ አንድ ሰው ወስጄላቸው ነበር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መድረክ ላይ ሠርተዋል፤ ከመጡ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ የሚሠሩትም መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ሻይ አቅርበው፣ መነጽራቸውን አድርገው ሁሉንም አነበቡ። እኔ ስለ ሞታቸው ትዕይንት እንዲነግሩኝ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ገልጠው፣ እኔ "ባዶ ሰፈር፤ ዝምታ" ብዬ ሦስት ቃል ብቻ የጻፍኩበት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ልጄ፣ ይቺን ለማን ሰጣችኋት?"

"ገና ነው ጋሼ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይሆናል።"

"የአንደኛ ዓመት ተማሪ ምን ያውቃል? ንግግር የለባትም እኮ። ተመልሶ መጥቶ ድንኳኑን፣ እሳቱን፣ ሰዉን ማጣት ነው። እሷን ለእኔ ስጡኝ። ሌላውን የፈለገ ይሥራው።"

ስለዚህ ለኮሚቴው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው 1920 ይግባ የሚለው ነው። ሁለተኛው የሽማግሌው ባልቻ ክፍል ለእኚህ ሰው ይሰጥ የሚል ነው። የማኅበሩ አባል አይደሉም የምትሉ ካላችሁ፣ መድረኩን የሚያጥበን ደንብ የቱ እንደሆነ አሳዩኝ። ቅዳሜና እሑድ ሥራ ስላለባቸው የቅዳሜውን ልምምድ ወደ ማክሰኞ ማታ ማዛወር አለብን። ከሲልቨር ስፕሪንግ ማክሰኞ ማክሰኞ መኪና ይዞ ሄዶ ሊያመጣቸው የሚችል ካለ ይጻፍልኝ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ እወስዳለሁ።