ልጅ ያቦካው ለራት እንዲበቃ

ሰኔ አልቆ ልጆች የዓመቱን የውጤት ካርድ ይዘው ወደ ቤት ሲገቡ፣ በሥራ ገበታ ላይ ለምትውል እናት ደስታውና ሐሳቡ አብረው ይመጣሉ። ደስታው ልጅዋ ክፍሉን ማለፉ ነው። ሐሳቡ ደግሞ ሐምሌንና ነሐሴን ልጁ የትና ከማን ጋር ይውላል የሚለው ነው። እናት ጧት ማልዳ ወጥታ ምሽት ላይ ትመለሳለች። ደጁ ዝናብና ጭቃ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቀውም ቴሌቪዥንና ስልክ ነው። ስለዚህም የሻይ ሰዓት ሲደርስ በየመሥሪያ ቤቱ እናቶች እርስ በርሳቸው፣ «የአንቺዎቹ ዘንድሮ ክረምቱን የት ናቸው?» ይባባላሉ።

ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ የክረምት ካምፕ ነው። አንዳንዱ ካምፕ ልጆችን በቀን አውሎ ማታ ወደየቤታቸው የሚመልስ ሲሆን፣ ሌላው ከከተማ አውጥቶ ለጥቂት ቀናት የሚያሳድር ነው። በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው በተለይ ስለ ሁለተኛው ነው፤ እናቶችን ይበልጥ የሚያስፈራውም፣ ልጆችን ይበልጥ የሚያስተምረውም እሱ ነውና።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የ11 ዓመት ልጄን በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር ወደሚካሄድ ካምፕ ለስምንት ቀን ላክሁት። እውነቱን ለመናገር የላክሁት ኑሮን እንዲማር ብዬ አልነበረም። የቤት ሠራተኛችን ቤተሰብዋን ለመጠየቅ አገርዋ ሄዳ ስለነበር የምተውለት ሰው አጥቼ ነው። ሻንጣውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ካልሲውን በየጥንዱ ያጠፍሁትም እኔ ነኝ። በመሄጃው ዕለት ጧት አውቶቡሱ አጠገብ በርከክ ብዬ የጫማውን ክር ሳስርለት፣ የካምፑ አስተባባሪ የሆነች ወጣት አየችንና ፈገግ ብላ፣ «እትዬ፣ ነገ ማን ያስርለታል?» አለችኝ። አፍሬ ዝም አልሁ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ነበር። «እማዬ፣ ነይ ውሰጂኝ» ብሎ አለቀሰ። ከመሄዱ በፊት «ካልተስማማህ ደውልልኝ፤ መጥቼ እወስድሃለሁ» ብዬው ስለነበር ቃሌን እንድጠብቅ ነው የጠየቀኝ። መኪና ልለምን ወደ ባለቤቴ ወንድም ልደውል ስነሣ፣ አስተባባሪዋ ስልኩን ተቀብላ «እስከ ነገ ማታ ይታገሡኝ። አሁን የሳህን አጠባ ተራው የሱ ቡድን ነው፤ ጓደኞቹም እየጠበቁት ነው» አለችኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በማግሥቱ ማታ ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ብጠብቅ አልደወለም። እንዴት አደረ ብዬ እኔው ብደውል፣ «እማዬ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋብኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር ማለቱን ላንባቢዎቼ አልደብቅም።

ኋላ ባለሙያዎች የጻፉትን ሳነብ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ተረዳሁ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ልጆች የቤት ናፍቆት ባወጣው ጽሑፍ፣ ወላጆች «ካልተመቸህ መጥቼ እወስድሃለሁ» የሚል ቃል እንዳይገቡ ይመክራል። ይህን የሰማ ልጅ፣ ወላጆቹ ራሳቸው ይችላል ብለው እንዳላመኑበት ይገባዋልና። ይልቁንም ናፍቆት በማንም ላይ የሚደርስ መሆኑን አስቀድሞ መንገር፣ ወደ ካምፕ ለመሄድ ሲወሰን ልጁን ማማከር፣ ከዚያም በፊት በዘመድ ቤት ጥቂት ሌሊት እንዲያድር በማድረግ ማለማመድ ይጠቅማል። እኔ ከሦስቱ አንዱንም አላደረግሁም ነበር።

ለመሆኑ ልጆች በካምፕ ምን ይማራሉ? ልጄ ሲመለስ ደጋግሞ ያወራኝ ስለ ዋናው ወይም ስለ ኳሱ አልነበረም፤ ስለ አራተኛው ሌሊት ነበር። በዚያ ቀን ቡድኑ በድንኳኑ ዙሪያ ውኃ መውረጃ ቦይ እንዲቆፍር ታዞ ሳለ፣ ልጆቹ «በኋላ እንቆፍራለን» ብለው ወደ ጨዋታ ሄዱ። ሌሊት ዝናብ ጣለ፤ ውኃው ገብቶ ብርድ ልብሳቸውን አራሰው። ወደ ሌላ ድንኳን ገብተው ተጣብበው አደሩ። በነጋታው የተቆጣቸው ሰው አልነበረም። አካፋውን ራሳቸው ፈልገው ቦዩን ቆፈሩ፤ የራሰውንም ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ አሰጡ። ቤት ቢሆን ኖሮ ከእነሱ ቀድማ ቦዩን የምትቆፍር እናት አትጠፋም ነበር። ልጁም ስንፍና ውኃ እንደሚያስገባ ሳያውቅ ያድግ ነበር።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በትምህርት ቤቶች ሊሰጥ ይገባል ያለውን የሕይወት ክህሎት ትምህርት ሲዘረዝር አሥር ነገሮችን ጠቅሷል። ከእነዚህም መካከል ውሳኔ መስጠት፣ ችግር መፍታት፣ ሐሳብን በሚገባ መግለጽ፣ ራስን ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ንዴትንና ጭንቀትን መቋቋም ይገኙበታል። እነዚህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስጠናት ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተካፍሎ ማደር የሚያስተምረውን ያህል አያስተምርም።

ይህ አሠራር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ፍሬደሪክ ጋን የተባለ አሜሪካዊ መምህር በኮኔክቲከት የትምህርት ቤቱን ልጆች በእግር አጉዞ በባሕር ዳርቻ ለሁለት ሳምንት ያህል አስፍሯቸዋል። በ1876 ቫልተር ቢዮን የተባለ የስዊዘርላንድ ቄስ ከዙሪክ ከተማ የድኻ ልጆችን ሰብስቦ ንጹሕ አየር እንዲያገኙ ወደ አፔንዜል ተራሮች ወሰዳቸው። በ1907 ደግሞ የስካውት እንቅስቃሴ መሥራች ቤደን ፓውል ሃያ ያህል ልጆችን ብራውንሲ በተባለች የእንግሊዝ ደሴት ላይ ሲያሰፍር፣ የባለጠጋውንና የሠራተኛውን ልጅ በአንድ ቡድን አደባልቆ ነበር።

ይሁን እንጂ ልጆችን አንድ ላይ ማስፈር ብቻውን ፍቅርን አያመጣም። ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ በትውልዱ ቱርካዊ የሆነ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ የሆነ 22 ወንዶች ልጆችን በኦክላሆማ ግዛት ሮበርስ ኬቭ በተባለ ሥፍራ አስፍሮ፣ በሁለት ቡድን ከፈላቸው። ከዚያም በገመድ ጉተታና በኳስ ሽልማት እያስቀመጠ አወዳደራቸው። ጥቂት ቀናት ሳይሞላ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ፤ የመኝታ ቤት ዘረፋ ተጀመረ፤ አብሮ መብላትም ቀረ። ቀጥሎ አዘጋጆቹ ሆን ብለው ለሁለቱም ቡድን የጋራ ችግር አመጡ። የውኃው መሥመር ተዘጋ ተባለ፤ ሁሉም ተባብረው ፈለጉት። ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሣም አለ፤ ቀድሞ እርስ በርስ በተጓተቱበት ገመድ አንድ ላይ ሆነው መኪናውን ጎተቱት። ጠቡም እየበረደ ሄደ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አባባል ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ልጆችን ሳይነግሩ በዚህ ዓይነት መፈተን ዛሬ የሚወደስ ባይሆንም፣ ለእኛ አንድ ትምህርት ይተውልናል። ካምፕ ስንመርጥ ስለ ዋንጫውና ስለ ሽልማቱ ከመጠየቃችን በፊት፣ ልጆቹ በጋራ የሚሠሩት ሥራ ምን እንደሆነ እንጠይቅ።

በዚህ ዓምድ አንባቢዎች ዘንድ ትኩረት የሚሻ ሌላም ነገር አለ። በብዙ ቤታችን ሴት ልጅ ሥራን ትማራለች፤ ከደጅ መውጣትን ግን አትማርም። ወንድ ልጅ ደጁን ያውቃል፤ የበላበትን ሳህን ግን አያነሣም። ልጄ በቤታችን «ውኃ አምጪልኝ» ብሎ ሠራተኛችንን ሲያዝ ሰምቼ ዝም ያልሁበትን ጊዜ አልቆጥረውም። አስተባባሪዋ እንደነገረችኝ በካምፑ ውስጥ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ከድስትና ከሳህን አልለይም ብላ የወንዶቹን ተራ ሳይቀር ትሠራ ነበር። አስተባባሪዋም ከወጥ ቤት አውጥታ በማግሥቱ የሚደረገውን የእግር ጉዞ እንድትመራ አደረገቻት። መንገዱ ሲከፈል «በየት እንሂድ?» ተብላ ስትጠየቅ መጀመሪያ ድምፅዋ አልወጣም። ሲመለሱ ግን ከፊት ሆና ወንዶቹን «ቶሎ በሉ!» ትላቸው ነበር አሉ። እንግዲህ ካምፑ ለወንዱ ልጅ ሳህኑን፣ ለሴቷ ልጅ ደግሞ መንገዱን ሰጥቷል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስል ግን የተገኘው ካምፕ ሁሉ ይታመናል ማለቴ አይደለም። ለሥራ ጉዳይ ሄጄ ባየሁት በአንድ ሌላ ካምፕ፣ አርባ የሚሆኑ ልጆች ሐይቅ ውስጥ ሲዋኙ ዳር ላይ የነበሩት ሁለት ወጣቶች ብቻ ሲሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ ስልኩን ይነካካ ነበር። «ማን ይጠብቃቸዋል?» ብዬ ብጠይቅ «እግዚአብሔር» አሉኝ። ስለዚህ እናቶችና አባቶች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የሚከተሉትን ይጠይቁ።

አንድ አዋቂ ስንት ልጆችን ይጠብቃል? ሌሊትስ ከልጆቹ ጋር ማን ያድራል? የሴቶች ልጆች መኝታ የተለየ ነው ወይ? ኃላፊዋስ ሴት ናት ወይ? ዋና ካለ ዋና የሚያውቅ ጠባቂና በውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ጃኬት አለ ወይ? የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ የሚሰጠው ማን ነው? ጤና ጣቢያውስ ምን ያህል ይርቃል? የሚጠጣው ውኃ የተጣራ ነው ወይ? በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ የወባ ትንኝ ስላለች አጎበር ግድ ነው። እንደ ዝዋይና ሐዋሳ ባሉ ሐይቆች የቢልሃርዚያ በሽታ ስላለም፣ ልጆቹ የት እንደሚዋኙ ቁርጡን ማወቅ ያስፈልጋል። አስም ወይም ሌላ በሽታ ያለበት ልጅ ከሆነ መድኃኒቱ በስሙ ተጽፎ ለኃላፊው ይሰጥ።

ከሁሉም በላይ ልጁን እናስተምረው። ማንም ሰው፣ አስተባባሪም ቢሆን፣ ገላውን ያለ አግባብ ቢነካው ወይም «ይህ ምሥጢር ነው፤ ለእናትህ አትንገር» ቢለው፣ ያን ጊዜውኑ እንዲነግረን አስቀድሞ ይወቅ። ይህን ለመንገር የምናፍር ከሆነ ልጁም ለእኛ ለመንገር ያፍራል። በናፍቆት የሚያለቅስ ልጅና በፍርሃት የሚያለቅስ ልጅ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን እንታገሠው፤ ለሁለተኛው ግን ሌሊትም ቢሆን ተነሥተን እንሂድ።

«ለካምፕ የሚከፈል ከየት መጥቶ?» የሚሉ እናቶች ብዙዎች እንደሆኑ አውቃለሁ። እኔም የከፈልሁት ከዕቁቤ ነው። ነገር ግን የካምፕ ትምህርት በገንዘብ ብቻ የሚገኝ አይደለም። አገር ቤት አያት ያለው ልጅ ውኃ ሲቀዳ፣ ጥጃ ሲጠብቅ፣ ከአጎቱ ልጆች ጋር በአንድ መደብ ሲያድር ቢከርም የሚማረው አያንስም። ከተማም ውስጥ ቢሆን ቡሄን እንመልከት። ነሐሴ 13 ቀን ከመድረሱ በፊት ልጆች ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ዜማ ይለማመዳሉ፤ አውራጅና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ በየደጁ እየዞሩ ያገኙትን ሙልሙልና ብር ይካፈላሉ። ለአዲስ ዓመት አበባ ይዘው የሚዞሩ ልጃገረዶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በሚካፈሉበት ጊዜ ጠብ ቢነሣ ፈጥነን አንግባ፤ መዳኘትን የሚማሩት ያን ጊዜ ነው። በየቤታችንም በሳምንት አንድ ቀን ወንዱም ሴቷም በተራ ገበያ ወጥተው ሂሳቡን ተቆጣጥረው፣ ምሳውን አብስለው ያቅርቡ። ሽሮው ቢቀጥን እንብላው።

አበው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ፤ እውነት ነው። ሆኖም ዛሬ እንዲያቦካ ያልፈቀድንለት ልጅ፣ ነገ እኛ ሳንኖር የሚያቦካው ለማንም ራት አይበቃም።

ልጄ ከካምፕ የተመለሰ ዕለት ሻንጣው ጭቃ በጭቃ ነበር፤ አንድ ካልሲና ፎጣው ጠፍተዋል። ሠራተኛችንም በሳምንቱ ከአገርዋ ተመለሰች። በዚያ ማታ ራት በልተን ስናበቃ ልጄ የራሱንና የእኔን ሳህን አንሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። እስዋም ደንግጣ «ኧረ ተው፣ እኔ አለሁ!» ብላ ልትቀበለው ተነሣች። ልማድ ሆኖብኝ እኔም «ተወው፣ ይሰብረዋል» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። አንድ ብርጭቆ ሰበረ። ስብርባሪውን ጠርጎ የተቀረውን አጠበ።

ዘንድሮ ሻንጣውን ራሱ ያዘጋጃል። እኔ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ ቃል ከመግባት ራሴን እጠብቃለሁ።