ችግሩ የአማርኛ ድህነት ነውን?

በንግድ ትምህርት ክፍል ውስጥ አንዱ ቃል በአማርኛ ይገለጥልን ብለን ስንጠይቅ «አማርኛ ለዚህ አይበቃም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛውን ቃል ሸምድደን እንወጣለን፤ ትርጉሙን የያዘው ግን ከመካከላችን ጥቂቱ ነው። እኛ ይህን መልስ አንቀበለውም።

እስቲ በንግድ የበለጸጉትን እንግሊዝኛንና እስፓኝኛን እንመልከት። ሁለቱም ከላቲን ብዙ የወረሱ ናቸው። ይሁን እንጂ እንግሊዙ ዛሬ «ቢሊዮን» ሲል አንድ ሺህ ሚሊዮን ማለቱ ሲሆን፥ እስፓኙ «ቢዮን» ሲል ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ማለቱ ነው። የቃሉን መልክ ብቻ አይቶ የገለበጠ ተርጓሚ የአንዱን ኩባንያ ዕዳ ሺህ ጊዜ አበዛው ማለት ነው! የእስፓኝ ቋንቋ አካዳሚ በ1995 እ.ኤ.አ. ለሺህ ሚሊዮን «ሚያርዶ» የሚለውን ቃል ቢቀበልም ችግሩ አልጠፋም።

«አንትረፕረነር» የሚለውንም እንግሊዝኛ ራሱ ከፈረንሳይኛ የተበደረው ነው። እስፓኙ ግን ድርጅት ይዞ የሚያስተዳድረውን «ኤምፕሬሳሪዮ»፥ አዲስ ሥራ ለማቋቋም የተነሣውን «ኤምፕሬንዴዶር» ይለዋል። እስፓኝ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የድጋፍ ሕግ በስሙ የጠራው ሁለተኛውን ነው። እንግዲህ ተርጓሚው ሰውየውን ሳያውቅ ቃሉን ሊመርጥ አይችልም። «ሶሲየዳድ አኖኒማ»ም ቃል በቃል «ስም የለሽ ማኅበር» ይሆንና አንባቢውን ያስደነግጠዋል፤ ነገሩ ግን የእኛው አክሲዮን ማኅበር ነው። (በእኛም ዘንድ እኮ ጽዋ የሚጠጣውም ፋብሪካ የሚያቆመውም ያው «ማኅበር» ነው።)

ወደ ራሳችን ስንመለስ፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በፈረንሳይኛ የተረቀቀ ነበር፤ ፕሮፌሰር ኤስካራ ጀመሩት፥ ፕሮፌሰር ዦፍሬ ፈጸሙት። በውስጡም «ፎን ደ ኮሜርስ» የሚል አሳብ ነበረ፤ ይኸውም የነጋዴው ስም፥ ደንበኛ የመሳብ ዝናው፥ የኪራይ መብቱና የሥራ ዕቃው በአንድነት ሲታሰብ ነው። እንግሊዝኛው «ቢዝነስ» አለው፥ አማርኛው «የንግድ መደብር»። መደብር ሲባል ግን ማን ነው ግድግዳና ጣራ የማይታየው? ሕንፃው ደግሞ ከዚህ ውስጥ አይገባም! መደብር ገዛሁ ብሎ የሚፈርም ሰው ቤቱንም የገዛ ቢመስለው ልንፈርድበት አንችልም። የእንግሊዝኛው አንባቢም ከዚህ አልተሻለም፤ ቃሉ ከመስፋቱ የተነሣ ምኑን እንደሚጨብጥ አያውቅም። አንዱ ጠበበ፥ አንዱ ሰፋ፤ ታዲያ የአማርኛ ጥፋት ብቻ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው?

ስለዚህ መምህሮቻችንን የምንለምነው ቃል እንዲፈጥሩልን አይደለም። ነገሩን በሦስትም በአራትም ዓረፍተ ነገር ቢሆን በአማርኛ ያስረዱን፤ ስሙ ቀስ ብሎ ይመጣል። የቋንቋ፥ የሕግና የንግድ ተማሪዎችም በዚህ ጋዜጣ ላይ በየእትሙ አንድ አንድ ቃል እናንሣ። በሚመጣው እትም «ጉድዊል» በሚለው እንጀምራለን፤ ከነጋዴ ቤተ ሰብ የተወለዳችሁ ጓደኞቻችን፥ አባቶቻችሁ ይህን በገበያ ምን እንደሚሉት ጠይቃችሁ ጽፋችሁ አምጡልን።