የቆሻሻ ክምር ካርታ ሲወጣለት

በአዲስ አበባ የመሬት ገበያ «ቦታው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። «ከሥሩ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን እምብዛም አይገኝም። ረጲ፣ ሕዝቡ ባወጣለት ስም ቆሼ፣ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ግድ የሚያደርግ ቦታ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የከተማው ቆሻሻ እዚያ መደፋት ሲጀምር አካባቢው ከከተማ ውጭ ነበር። ዛሬ ከ30 ሄክታር በላይ የሆነው ይህ መሬት በመኖሪያ ሰፈሮች ተከቧል። አንድ ቀን የደላላ ዓይን ያርፍበታል ቢባል ሐሜት አይሆንም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን መግደሉ ይታወሳል። ከዚያ በፊት፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ሰንዳፋ ላይ የተሠራው አዲስ ማስወገጃ በገበሬዎች ተቃውሞ ሲቆም፣ የቆሻሻ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመልሰው ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫም ቢሆን የታሰበው በየቀኑ የሚመጣውን ቆሻሻ ለማቃጠል እንጂ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተከመረውን ለማንሣት አይደለም።

መዝጋት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው አጥር ማጠርና አፈር ማልበስ ነው። ዋናው ሥራ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የተቀበረ ቆሻሻ ለአሥርተ ዓመታት ሚቴን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ፈሳሹ ወደ ከርሰ ምድር ውኃና ወደ ወንዝ ይወርዳል። መሬቱም የሚሰምጠው እኩል አይደለም፤ የሕንፃው አንድ ጥግ ሲወርድ ሌላው ባለበት ይቀራል። መሠረቱ እስከ ጠንካራው መሬት ይውረድ ቢባል፣ ወጪው ሳያንስ ቁፋሮው ራሱ ለጋዝና ለፈሳሽ አዲስ መንገድ ይከፍታል። የአሜሪካ ሕግ የተዘጋ ማስወገጃ በመደበኛው ለ30 ዓመት ክትትል እንዲደረግለት የሚያዘው ያለ ነገር አይደለም።

አሜሪካኖቹ ይህን የተማሩት በውድ ዋጋ ነው። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ላቭ ካናል የተባለውን የኬሚካል መቅበሪያ አንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 ለትምህርት ቦርድ የሸጠው በ1 ዶላር ነበር። በውሉ ላይ «ለሚደርሰው ጉዳት አልጠየቅም» የሚል ሐረግ ጨመረበት። ትምህርት ቤት ተሠራ፣ ቤቶችም ተከተሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ነዋሪው ቤቱን ትቶ እንዲወጣ ተደረገ። በእንግሊዝ ሎስኮ እ.ኤ.አ. በ1986 በጋዝ ፈንድቶ የፈረሰው ቤት ደግሞ የቆመው በቆሻሻው ላይ ሳይሆን በአቅራቢያው ነበር። አጎራባች ቦታ ገዝተው ዋጋው እስኪወጣ የሚጠብቁ ሰዎች ይህችን የመጨረሻዋን ልብ ቢሏት አይከፋም።

በኢትዮጵያ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የማስወገጃ ሥፍራ ባለቤትን ከተዘጋ በኋላ ለሚደርስ ጉዳትም ተጠያቂ ያደርገው ነበር። ጥሩ ድንጋጌ ነበር። ነገር ግን ቦታው በሊዝ ከተላለፈ ባለቤቱ ማነው? ቆሻሻውን ሲደፋ የኖረው ማዘጋጃ ቤት ነው ወይስ ጨረታውን ያሸነፈው ባለሀብት? ይህ በጨረታው ሰነድ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ፣ አልሚው የሚገዛው መሬት ብቻ ሳይሆን ልኩ ያልታወቀ ዕዳም ነው። ባንኩም ያንኑ ዕዳ በመያዣነት ይቀበላል።

መሬት ጠቧል፣ ከተማውም የሊዝ ገቢ ይፈልጋል የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ቢሆንም በክምሩ ላይ መኖሪያ ቤት መፍቀድ ገቢውን ዛሬ ሰብስቦ ካሣውን ለነገው ምክር ቤት መተው ነው። ለመናፈሻ፣ ለመኪና ማቆሚያ ወይም ለፀሐይ ኃይል ግን ጋዙና ተዳፋቱ ከተያዘ በኋላ ሊውል ይችላል። ከአካባቢው ቦታዎች ከሚገኘው የሊዝ ገቢ ጥቂቱ ለክትትሉ ቢመደብ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው አጎራባቾቹ ናቸው። የጋዙ፣ የፈሳሹና የመስመጡ ልኬትም ከነተለካበት ቀን ከካርታው ጋር በአንድ ፋይል ተያይዞ፣ ገዢም ባንክም ኢንሹራንስም ገልጦ የሚያየው መሆን አለበት፤ ፋይሉ ሳይሟላ ቦታው ለጨረታ መውጣት የለበትም።