ካርዱ ይቆይ፣ ኢሲጂ ይቅደም

ሀርት አታክ የሚባለው ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ስር በድንገት ሲዘጋ ነው። ቶሎ ካልተከፈተ ጡንቻው ይሞታል፤ የሞተው ደግሞ አይተካም።

ስለዚህ አቋሜን ልንገራችሁ፦ ደረቱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ካርድ እስኪወጣ፣ ሐኪም እስኪመጣ ወረፋ መያዝ የለበትም። በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ መነሳት አለበት። ይህን ትሪያጅ ላይ ያለችው ነርስ ራሷ ትጀምረው። "የሐኪም ትእዛዝ ይጠበቅ" በሚለው አልስማማም። ኢሲጂውን ማንበብ የሐኪም ስራ ነው፤ ማንሳት ግን ነርሷም በደንብ ትችላለች። ግፊትና ኦክስጅን ትለካለች፣ የደም ስር መስመር ትከፍታለች። ኦክስጅን ለሁሉም አይሰጥም፤ ልኬቱ ከ90 በመቶ በታች ለወረደ ነው።

ሁሉም ታማሚ "ደረቴን" አይልም። በተለይ ስኳር ያለባቸው፣ ሴቶችና አረጋውያን "ጨጓራዬ ነው" ሊሉ ይችላሉ። ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር ካለ ጨጓራ ነው ብሎ ማለፍ አደጋ ነው። የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ቢሆንም ህመሙ ካልተወ ይደገም።

እናንተም "እስኪ ይንጋ" አትበሉ። 907 ደውሉ፤ ታማሚው መኪና አይንዳ። በር ላይ ህመሙ የጀመረበትን ሰዓት ተናገሩ። ካርዱን አስታማሚ ያውጣ፣ ታማሚው ኢሲጂ ይነሳ!